ጋዙ የት ሄደ?

ብርቅዬን ማናደድ የፈለገ ሰው ብዙ መድከም አያስፈልገውም። መኪናውን ሰበታ ዋናው መንገድ ዳር ካለችው ኮንቴይነሯ ፊት ያቁም፤ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት ብቅ ያድርግና «እናት፣ ኤሲው አልቀዘቅዝ ብሏል፣ ጋዝ ብቻ ሙዪልኝ» ይበላት። በቃ፣ የዚያን ቀን ጉድ ፈላ።

«ጋዝ ብቻ!» ትላለች የያዘችውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ። «እሺ፣ የድሮው ጋዝ የት ሄደ?»

«አለቀ ነዋ።»

«አያልቅም! ቤንዚን ነው እንዴ የሚያልቀው? ሞተሩ አይበላውም፣ አይጠጣውም። እዚያው ቱቦ ውስጥ ሲዞር ነው የሚኖረው። ጎደለ ማለት ወጣ ማለት ነው፤ ወጣ ማለት ደግሞ የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። አንተ ጎማህ ሲተነፍስ ሳታስለጥፍ በየቀኑ እያስነፋህ ነው የምትሄደው?»

ግማሾቹ «ምን ዓይነት ሴት ናት!» ብለው ማርሽ ያስገባሉ። የቀሩት ይስቁና ሞተሩን አጥፍተው ይወርዳሉ። ደንበኞቿ እነዚህ ናቸው፤ ከቡራዩም ከሱሉልታም ቁጣዋን ችለው ይመጣሉ፣ እሷ የዘጋችው ቀዳዳ ዳግመኛ እንደማይከፈት ያውቃሉ።

ልደታ ተወልዳ ያደገች ናት። ሰፈሩ ሲፈርስ ቤተሰቡ በየአቅጣጫው ተበተነና እሷ ኪራይ ፍለጋ ሰበታ ደረሰች። ሙያውን ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ይዛ ወጥታ፣ ሆለታ አጠገብ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የማቀዝቀዣ ክፍሎችን ጠብቃለች። ጽጌረዳ ይሉኝታ የለውም፤ ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ካለ አንገቱን ይደፋል። አንድ ቀን የፈረቃ ኃላፊው የማስጠንቀቂያው ደወል እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ሲያጠፋው ደረሰችበት። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ የአፏን ሁሉ ነገረችው፤ ቁልፎቹን እግሩ ሥር ጥላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለማንም ተቀጥራ አታውቅም።

ከሁሉ የሚያበግናት ግን የደጋ ሰው ከኤሲ ጋር ያለው ጠብ ነው። መኪናው ውስጥ አምስት ሰው ታጭቆ፣ መስተዋቱ በትንፋሽ ታፍኖ፣ አንዱ ጣቱን ወደ ኤሲው ቢሰድ ሌላው «ኧረ ንፋስ ይመታናል!» ብሎ ይጮኻል። ሌላው ደግሞ «ነዳጅ ይበላል» ይላል። እንዲህ ተብሎ ዓመቱ ይሄዳል። ጋዙ ካልዞረ ዘይቱም አይዞርም፤ ዘይት ያላገኙት የጎማ ቀለበቶች ይደርቁና ይሰነጠቃሉ፤ ጋዙም ቀስ እያለ ይወጣል። ከዚያ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ቆላ መውረድ ሲመጣ፣ በዋዜማው ሁሉም ተንጋግቶ እሷ ጋ ይመጣል። በዋዜማው! ኧረ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!

ጋሽ ኪዳነወልድ ግን የመጡት ሰኞ ዕለት ነው፣ ከጉዟቸው ሦስት ቀን ቀደም ብለው። ሠላሳ ዓመት በደብዳቤ አመላላሽነት ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ኮታቸውን ሳይለብሱ ከቤት የማይወጡ ሰው ናቸው። መኪናቸው የዘጠና ሰባት ሞዴል ኮሮላ ናት፤ ከውጭ ስትታይ ትናንት የተገዛች ትመስላለች። ከጎናቸው ባለቤታቸው እትዬ የሺወርቅ ተቀምጠዋል፤ አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ አለ፣ ቱቦው ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ ከታሰረ የኦክስጅን ሲሊንደር ይመጣል።

«ሳንባዋ ነው» አሉ ጋሽ ኪዳነወልድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሐኪሙ ይሄ ከፍታ አይሆናትም፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ቆላ አውርዷት ብሎናል። ልጃችን ዕድላዊት መተሐራ ናት፣ ቤት አዘጋጅታለች። ሐሙስ እንሄዳለን። መስኮት ከፍተን እንዳንሄድ አቧራው ይገድላታል፤ ዘግተን እንዳንሄድ ሙቀቱ።»

ብርቅዬ ወዲያው በሩን ከፈተች። ነገር ግን ልትነካው ወደ ኤሲው ስታጎነብስ ቁልፉ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ አየች። የቁስል ፕላስተር! ቆሽሾ፣ ጠርዙ ጠቁሮ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሰው ዝም ብሎ እንዳይነካው ብዬ ነው። ንፋሱ ጥሩ አይደለም። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ አለ፣ አሥራ ስምንት ዓመት።»

ሥራዋን ጀመረች። ናይትሮጅን ሞላችበት፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባች፣ የግፊት መለኪያውን፣ የጌጁን፣ መርፌ ተከታተለች። መርፌው እየወረደ ነው፤ ውጭ ግን አንድም አረፋ አልተነፋም። የሚያፈሰው ከዳሽቦርዱ ሥር ነው ማለት ነው፤ ብርዱ ተሠርቶ ወደ ሰው የሚነፍስበት ኢቫፖሬተር የሚሉት እቃ ተበልቷል። እሱን ሶማሌ ተራ ሄዶ መፈለግ፣ የጓንት ሳጥኑን ፈትቶ መቀየር፣ ቀለበቶቹን ሁሉ መለወጥ ያስፈልጋል። ሁለት ቀን።

«ሁለት ቀን?» አሉ ጋሽ ኪዳነወልድ። «ሌላው ሰው በግማሽ ሰዓት ይሞላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

አለቀ። ብርቅዬ ደሟ ፈላ። «በግማሽ ሰዓት? አሥራ ስምንት ዓመት በፕላስተር አፍነው የገደሉትን እኔ በግማሽ ሰዓት ላስነሳልዎ? ያደረቁት እርስዎ ነዎት! ባለቤትዎ ዛሬ የሚያስፈልጋቸውን ነገር በገዛ እጅዎ ነው ያበላሹት!»

እትዬ የሺወርቅ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጋሽ ኪዳነወልድ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ፤ በሚስታቸው ፊት፣ መንገደኛ እየሰማ፣ ልጃቸው የምትሆን ሴት! ኮታቸውን አስተካክለው ገቡ፣ መኪናዋን አስነሥተው ሄዱ። ብርቅዬ አቧራውን እያየች ቆመች። እውነቱን ነው የተናገርኩት አለች ለራሷ፤ እውነትም እውነቱን ነበር። ግን ሰውየው ሄደዋል፣ ቀዳዳውም አብሯቸው ሄዷል።

ማክሰኞ ሱቋን ዘግታ ሶማሌ ተራ ወረደች። ስድስት ሱቅ ዞራ፣ ከአራት ሰው ጋር ተጣልታ፣ ለዚያች ኮሮላ የሚሆን ደህና ኢቫፖሬተር ይዛ ተመለሰች። የት ይደርሳሉ፣ ይመለሳሉ ብላ ነው።

እውነትም ተመለሱ። ረቡዕ ሰባት ሰዓት ላይ ኮሮላዋ መጥታ ኮንቴይነሯ ፊት ቆመች። ሞተሩ አልጠፋም። መስኮቶቹ ሁሉ ጥርቅም ብለዋል። ጋሽ ኪዳነወልድ የራሳቸውን መስኮት ብቻ ዝቅ አድርገው ፈገግ አሉ፤ የሰኞውን ውርደት ሊከፍሉ የመጡ ሰው ፈገግታ ነው።

«ነይ እስቲ እጅሽን አስገቢ። እንደ በረዶ ነው! ያ ከመንገዱ ማዶ ያለው ልጅ፣ ሞቱማ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ሞልቶ ሰጠኝ። ሁለት ቀን አላለኝም፣ አልሰደበኝም።»

ብርቅዬ እጇን አላስገባችም፣ ጭንቅላቷን እንጂ። ብርዱ ፊቷን መታት። ከብርዱ ጋር ሌላ ነገር አብሮ መጣ፤ ቀጭን፣ የገማ እንቁላል ዓይነት ሽታ። ማንም የጋዝ ምድጃ ያለው ሰው የሚያውቀው ሽታ ነው። ክው አለች። ዓይኗ ከኋላ ወንበር ወዳለው ሲሊንደር ሄደ፣ ከዚያ በእትዬ የሺወርቅ አፍንጫ ላይ ኦክስጅን እየተነፈሰ ወዳለው ቱቦ።

እጇን ሰዳ የሞተሩን ቁልፍ ነቀለች።

«እንዴ! ምን ሆነሻል አንቺ ሴት!»

«ይውረዱ! አሁን! በሮቹን ሁሉ ይክፈቱ! ስልክ እንዳይነኩ!»

እትዬ የሺወርቅን በብብታቸው ይዛ አወረደች፣ ሲሊንደሩን በትከሻዋ ተሸክማ ከኮንቴይነሯ ጎን ካለው ግቢ ጥግ ዛፍ ሥር አስቀመጠቻቸው። ጋሽ ኪዳነወልድ «ፖሊስ እጠራለሁ!» እያሉ ይከተሏታል። የባትሪውን ገመድ ነቀለች። ከኤሲው መሙያ አፍ ጋዙን በትንሽ ቱቦ ጣሳ ውስጥ ወዳለ የሳሙና አረፋ ትንሽ አስተነፈሰች፤ ጣሳውን ይዛ ግቢው መጨረሻ፣ ከመኪናውም ከሰውም ርቃ ሄዳ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ክብሪት ጭራ ወረወረችበት።

ቡፍ! እሳቱ ወደ ላይ ተምዘገዘገ።

«ቡታጋዝ ነው!» ብላ ጮኸች። «የወጥ መሥሪያ ቡታጋዝ ነው የሞላልዎ! ይቀዘቅዛል፣ አዎ፣ ከደህናው ጋዝ እኩል ይቀዘቅዛል። ግን ያቺ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችው ቀዳዳ አልተደፈነችም። በተዘጋ መስኮት፣ ኦክስጅን እየተረጨ፣ ቡታጋዝ ሚስትዎ ጭን ላይ እየፈሰሰ፣ መተሐራ ሊሄዱ! አንዲት ብልጭታ ብትነሳስ?»

ጋሽ ኪዳነወልድ ድንጋዩን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ ምን አውቄ…» አሉ።

ብርቅዬ መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች አታውቀውም። አንድ ሚኒባስ ጡሩንባ እያስጮኸ በአፍንጫዋ ሥር አለፈ። ሞቱማ አንድ የመኪና ኮፈን ሥር አጎንብሷል። የቡራዩ ልጅ ነው፤ ሦስት ዓመት እሷ ዘንድ ሠርቶ የራሱን ሱቅ ከከፈተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቡታጋዙ ከበስተኋላው፣ ጨርቅ እንኳ ሳይጣልበት ተገትሯል።

«አንተ!» አለች። «አንተ ሰው በላ!»

ሞቱማ ቀና አለ። «አዴ ብርቅዬ! ማል ታኤ? ምን ተፈጠረ?»

«በኦክስጅን ለሚተነፍሱ ሴትዮ ቡታጋዝ ሞላህ! ከኋላ ወንበር ያለውን ሲሊንደር ዓይንህ አላየም? ቀዳዳውን ፈልገሃል? አልፈለግህም! ሦስት ዓመት ‹ጋዙ የት ሄደ› እያልኩ ጉሮሮዬ የተሰነጠቀው ለማን ነው? ለግድግዳው ነው?»

ሰው ተሰበሰበ። ሊስትሮው ዘንድ ጫማ ሲያስጠርግ የነበረ ሰው አንድ እግር ጫማውን ብቻ አጥልቆ መጣ። ሞቱማ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ እሱም ተናደደ።

«ሰውየው ሞተሩን እንኳ አላጠፉም፤ ቶሎ በል፣ ቶሎ በል አሉኝ። ሲሊንደሩን አላየሁም፣ በእናቴ አላየሁም። ቡታጋዙን ግን… አዴ ብርቅዬ፣ በቡታጋዝ እንደሚቀዘቅዝ ማነው ያሳየኝ?»

ብርቅዬ ዓይኗን ከቡታጋዙ ላይ አነሳች።

«ጋዝ ከገበያ የጠፋ ጊዜ» አለ ሞቱማ። «ያ የሱሉልታው ሾፌር፣ ኡዘይር። ወደ አፋር መንገደኛ የሚያመላልሰው። ለመነሽ፣ ለመነሽ፣ በመጨረሻ ከቤትሽ ቡታጋዙን አምጥተሽ ሞላሽለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ ‹ይሄን አላየህም› አልሽኝ። እኔ ግን አየሁ።»

እውነት ነው። ረስታው አይደለም፤ አንስታ እንዳታየው አድርጋ ያስቀመጠችው ነገር ነው። የኡዘይር ልጆች ሙቀቱ ሽፍታ አውጥቶባቸው ነበር። ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ ደህናው ጋዝ እስኪመጣ ብላ ነበር የሞላችው። ደህናው ጋዝ መጣ፣ ሥራው በዛ፣ ኡዘይርም አልተመለሰ። አምስት ዓመት።

ንዴቷ መሄጃ አጣ። ሞቱማን ልትሰድበው ብትል ስድቡ ዞሮ እሷው ላይ የሚያርፍ ሆነ። ሰዉም ደግሞ አፏን እያየ ነው። «ኮቱ!» አለችው በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ሻክሮ። «ና! ካቻቢቴህን ያዝ። ያንን ቡታጋዝ ደግሞ ዛሬውኑ ወደ ቤትህ መልሰው፣ ወጥ ይሠራበት።»

«ቶሌ፣ እሺ» አለ ሞቱማ፣ ተከተላት።

እቃው ተገዝቶ ስለነበር ለሁለት ሆነው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሠሩ። ቡታጋዙን በረዥም ቱቦ ከግቢው ጀርባ ወዳለው ሜዳ አስወጡት፣ ውስጡን በናይትሮጅን አጠቡት፤ ሽታው ከመኪናው እስኪጠፋ ማንም ባትሪውን እንዳይነካ ከለከለች። የጓንት ሳጥኑን ፈቱ፣ አሮጌውን ኢቫፖሬተር አወጡት፤ ታችኛው ጠርዝ ዝገት በልቶት ነበር። አዲሱን አስገቡ፣ ቀለበቶቹን በዘይት ነክራ በየቦታቸው አስቀመጠች፣ እርጥበት የሚመጥጠውን ማጣሪያም ቀየረች። ሞቱማ አንዱን ማሰሪያ ሲያጠብቅ እጁን መታችውና «ቀለበቱን ትበጥሰዋለህ፣ ቀስ!» አለችው። ከዚያ ቫኪዩሙን አገናኝታ ውስጡን ባዶ አደረገች፣ ማሽኑን አጠፋች፣ መርፌው ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለማየት ጌጁ ፊት በርጩማ ስባ ተቀመጠች። አርባ ደቂቃ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ደህናውን ጋዝ በሚዛን መዝና ሞላች።

ሲጨርሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ጋሽ ኪዳነወልድ ሞተሩን አስነሡ። ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው፣ ሞቱማ ከላዩ ተጭኖ ትቶት የነበረውን ያንን ፕላስተር በጥፍራቸው ልጠው አነሡና ኪሳቸው ከተቱት። ንጹሕ ብርድ፣ ሽታ የሌለው ብርድ፣ መጣ። አሮጌው ሰው ወደ ብርቅዬ ዞሩ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጄ፣ ሰኞ ዕለት አንቺን ሰምቼ ቢሆን…»

«እኔም ሰኞ ሌላ አፍ ቢኖረኝ ኖሮ ይሰሙኝ ነበር» አለች። ይቅርታ ስትጠይቅ ከዚህ በላይ አልሰለጠነችም። «በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ይክፈቱት። ደጋም ቢሆኑ ይክፈቱት። ንፋስ ማንንም አይመታም።»

እትዬ የሺወርቅን ደግፋ ወደ መኪናው ወሰደቻቸው። በሩ ተከፈተ። እሳቸው ግን አልገቡም፤ በሩን ይዘው ቆሙ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ሲናገሩም ትንፋሻቸው እየተቆረጠ ነው።

«ያኛው ሰውዬስ?»

«የቱ ሰውዬ እትዬ?»

«የሱሉልታው። ጩኸታችሁ… እስከዚህ ይሰማ ነበር።» አረፍ አሉ። «ቡታጋዙን አውጥተሽለታል?»

ብርቅዬ መሬት መሬት አየች።

«ነግረሽዋል እንኳ?»

«አልነገርኩትም።»

«ለእኔ ጨርቅሽን ጣልሽ። ያኔ መንገዱን ስትሻገሪ… መኪና ሊገጭሽ ነበር። ለእሱ ዝም?» እትዬ የሺወርቅ የመቀመጫውን ራስ ጨበጥ አደረጉ። «ደውዪ። ካልደወልሽ አልገባም።»

«የሺዬ፣ ይመሻል፣ ትደክሚያለሽ» አሉ ጋሽ ኪዳነወልድ።

«አንተ ዝም በል። አሥራ ስምንት ዓመት ሰምቼሃለሁ።»

ብርቅዬ ስልኳን አወጣች። ጣቷ ዘይት ነበር፤ ስሙን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ጠረገችው። ሞቱማ ቀረብ ብሎ ቆመ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ፤ ከጀርባው የሞተር ድምፅና የሚንጫጩ ልጆች ይሰማሉ።

«ብርቅዬ! እህቴ!» አለ ኡዘይር፣ ደስታው ከስልኩ አልፎ ለሁሉም እየተሰማ። «በሕይወት አለሽ? አሁን ልጆቹን ይዤ አዋሽን ማለፌ ነው። ውጭው እሳት ነው፣ እሳት! እኛ ግን ወላሂ ብርድ ልብስ ልንለብስ ነው! ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ጠብታ ጋዝ አላስጨመርኩም። ለሰው ሁሉ እነግራለሁ፣ ብርቅዬ የዘጋችው አያፈስም እላለሁ። አላህ እጅሽን ይባርከው!»

ብርቅዬ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ቀዳዳውን የራሷ እጅ ስለዘጋው ቡታጋዙ አምስት ዓመት ሙሉ የትም አልሄደም፤ እዚያው ልጆቹ እግር ሥር ነው ያለው።

«ኡዘይር» አለች፣ «ወንድሜ፣ ኤሲውን አጥፋ። መስኮቶቹን ሁሉ ክፈት። መኪናውን ዳር አቁምና ልጆቹን አውርድ፣ ከዚያ የሠራሁህን እነግርሃለሁ።»